«ወር» የሚለው ቃል ያሳሳተን

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «የወር አበባ» ሲባል በየወሩ፣ ያውም ቀኑን ጠብቆ መምጣት ያለበት ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ወሩ በገባ በ1 ብታይ፣ በዚያው ወር በ29 ደግማ ታያለች። «በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መጣብኝ» ብላ እንቅልፍ ያጣች ሴት አውቃለሁ፤ ዑደቷ አንዳች እንከን አልነበረበትም።

የምለው ይህን ነው፦ በማያስደነግጠው እንደነግጣለን፣ በሚያስደነግጠው ደግሞ «ያልፋል» እንላለን። ሁለቱም ካለመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

ቆጠራው የሚጀምረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የሚያበቃውም ቀጣዩ ደም ሊታይ በዋዜማው ነው። ደሙ ከቆመበት ቀን የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ ስህተት ነው። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ዑደት ጤናማ ነው። ማየት ከጀመረች ገና ሁለት ሦስት ዓመት በሆናት ልጅ እስከ 45 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ዑደቱን የሚያስረዝመው በአብዛኛው እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖ ብዙም አይዋዥቅም። ሐዘን፣ የፈተና ጭንቀት፣ በፍጥነት መክሳት እንቁላሉን ሲያዘገዩት ደሙም አብሮ ይዘገያል። አንድ ጊዜ እንዲህ ቢሆን ትዕግሥት ይበቃል፤ በቅድሚያ ግን እርግዝና አለመሆኑ ይረጋገጥ።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ «ስትወልጂ ይስተካከላል» የሚለው ምክር ነው። የወር አበባን ከሚያዛቡ ችግሮች ዋነኛው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷን ያህል ያጠቃል፤ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። ደሙ ለወራት ይጠፋል፤ አገጭ ላይ ፀጉር፣ ፊት ላይ ብጉር ይበዛል። እንቁላል በጊዜው ስለማይለቀቅ ማርገዝም ያስቸግራል። እንግዲህ መውለድን ለሚያከብድ ሕመም መውለድን መድኃኒት አድርገን እያዘዝን ነው! እስከዚያ ድረስ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ይቆያል፤ ይህ ለዓመታት ሲዘልቅ ለማህፀን ካንሰር ያጋልጣል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲዛባም ዑደት ይናጋል፤ እሱ በደም ምርመራ ይታወቃል።

የቀኑ ነገር ይህ ከሆነ፣ የመጠኑ ነገር ይባስ ተደብቋል። አንዲት ባልደረባዬ በእነዚያ ቀናት ከጥቁር ቀሚስ በቀር አትለብስም ነበር። ሁለት ሞዴስ ደርባ ትመጣለች፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለመቀየር ትነሣለች፤ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሽ ትሰበስባለች። «እናቴም እንዲሁ ነበረች» ትላለች። በመጨረሻ ስትመረመር ማህፀኗ ውስጥ ማዮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተገኘ፤ ደሟም ክፉኛ አንሷል። አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ እየራሰ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ፣ ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወረደ፣ ከእናት የተወረሰ ጠባይ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ለሦስት ወር ጨርሶ ከቀረ፣ ዑደቱ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ካነሰ ወይም ከ35 ቀን ከበለጠ፣ በሁለት የወር አበባ መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። 15 ዓመት ሞልቷት ያላየች ልጅም እንዲሁ። ካረጠች ዓመት ያለፋት ሴት ጠብታም ብታይ ቀጠሮ አታሳድር። የእርግዝና መከላከያ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ደምን ማዛባታቸው የተለመደ ነው፤ ቢሆንም በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ በፊት ጠይቁ። ቀን ያለፈባት ሴት በአንድ ወገን የሆድ ሕመም ከተሰማትና ራሷን ካዞራት ግን በዚያው ሰዓት ትሂድ፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ብሎ ነው። አብዛኞቻችን ጣት መቁጠር እንጀምርና «ባለፈው ወር አጋማሽ መሰለኝ» እንላለን። ያቺ ባልደረባዬ አሁን በጠረጴዛዋ የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋለች፤ ከነጥቡ ሥር የቀየረችውን የሞዴስ ብዛት ትጽፋለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ሰው አንድ ቀን አይቶ «የብድር መክፈያ ቀን ነው?» አላት። «አይደለም፣ የወር አበባዬ ነው» አለችውና ሥራዋን ቀጠለች።