ገሳጩን በወገን አትመዝኑት

ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። «በድሮ ጊዜ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት እጅና ጓንት ነበሩ» እያላችሁ መከራከሩን ተዉት። አንዱ ለኩራት ይለዋል፣ ሌላው ለክስ። ሁለቱም ታሪኩን አላዩትም።

አፄ ዓምደ ጽዮንን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ዘመቻቸውን በየመድረኩ እየጠቀሳችሁ ትፎክራላችሁ። አባ አኖሬዎስንስ ስንቶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ? ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት ወስደዋል ተብሎ ተወራ። ሹማምንቱ ዝም አሉ። እኚህ መነኩሴ ግን ንጉሡን ገሠጹ፣ አወገዙም። ንጉሡም በገዛ ከተማቸው፣ ሰው ሁሉ እያየ አስገረፏቸው። በዚያው ሌሊት ከተማው በእሳት ተያያዘ። መነኮሳቱ «የአባታችን ደም ነው እሳት የሆነው» አሉ። ንጉሡ ደግሞ ቃጠሎውን ያስነሡት ካህናቱ ናቸው ብለው ጠረጠሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግዞት ነው። ገሚሱ ወደ ትግራይ፣ ገሚሱ ወደ ቤጌምድር፣ ገሚሱ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ተጋዘ።

ልጃቸው አፄ ሰይፈ አርዕድ ሲነግሡም ጠቡ አልበረደም። የደብረ አስቦ ገዳም አበምኔት አቡነ ፊልጶስ የንጉሡን ጋብቻ ተቃወሙ፤ ተሰደዱ። ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ከመነኮሳቱ ጎን ቆሙና ወደ አገራቸው ተመለሱ። አቡነ ፊልጶስ ከገዳማቸው ርቀው፣ በስደት አረፉ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ጦር አልነበራቸውም። የነበራቸው ቃልና ውግዘት ነው። ንጉሥ ግን ሠራዊቱም አለው፣ ርስትና ጉልቱም አለው። ግርፋቱ ያልሠራውን ጉልቱ ቀስ እያለ ሠራው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1445 እ.ኤ.አ. ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ብለው ሰየሙት፤ ገዳሙም በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ትልቅ ክብር አገኘ። እውነቱን ለመናገር ንጉሡ ታላቅ ሥራም ሠርተዋል። ካህናቱን ለረጅም ዘመን ያናቆረው የሰንበት ጉዳይ፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው፣ በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ በጉባኤ እልባት ያገኘው በእሳቸው ጊዜ ነው።

ግን የመነኩሴው የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮችስ? «ስግደት ለእግዚአብሔር እንጂ ለንጉሥ አይገባም» ያሉ መነኮሳት ነበሩ። ንጉሡና ካህናታቸው በመናፍቅነት ከሰሷቸው። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ዛሬ ስታልፉ ሻይ የምትጠጡባት ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ውግራት በኋላ በሰማይ ታየ በተባለ ብርሃን ምክንያት በ1454 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይህን እያነበብኩ የከነከነኝ የንጉሡ ጭካኔ ብቻ አይደለም። በዓምደ ጽዮን ዘመን ካህን ስለተገረፈ ካህን ተነሥቶ ነበር። አሁን ግን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የነበሩት ካህናት ፈረዱባቸው።

እኛስ? አንድ አባት የማንወደውን ባለሥልጣን ሲገሥጽ «የዘመናችን ነቢይ» ብለን ፎቶውን እንለጥፋለን። በሳምንቱ የምንደግፈውን ከነካ ደግሞ «ፖለቲካ ካማረው ቆቡን አውልቆ ይምጣ» እንላለን። ሲታሰር «ይበለው» የሚል አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ይህ ነውር ነው! ያንኑ ሰው፣ በዚያው አፉ፣ ያንኑ ቃል ሲናገር አንዴ ቅዱስ፣ አንዴ ካድሬ ማድረግ የት ያደርሰናል?

ካህናቱም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። ከሹም እጅ መኪናና መሬት ተቀብሎ፣ በማግስቱ ሹሙን ፊት ለፊት መናገር ከባድ ነው። እናንተ ግን «ጳጳሳችን ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ይህን አስገኘልን» ብላችሁ እልል ስትሉ፣ ስጦታው ነገ አፍ እንደሚዘጋ ለምን አትጠይቁም?

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ስለ ዓምደ ጽዮን ጀግንነት ስትጽፉ አባ አኖሬዎስን አብራችሁ ጻፉ። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሊቅነት ስታስተምሩ የተወገሩትን መነኮሳት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አባት ሹም ሲወቅስ ከሰማችሁም፣ «የማን ወገን ነው?» ከማለታችሁ በፊት ያለው ነገር እውነት መሆኑን አጣሩ። እውነት ከሆነ፣ የወቀሰው የእናንተን ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ሊያስሩት ሲመጡ አብራችሁት ቁሙ።