ዘመድ የሚዘራበት ማሳ

አሜሪካ፣ ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ ጎበዝ ገበሬ በእርፍ አያያዙ አይታወቅም፤ ትራክተሩን እንደሆነ ጂፒኤስ ይመራዋል። እዚያ ጎበዝ የሚባለው ፊርማ ሰብሳቢው ነው። እጁ ይባረክ!

መሬቱማ ችግር የለበትም። የገበያው ዋጋ ሕጉ ከቆረጠው በታች ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን የሚሞላበት፣ ፒኤልሲ የሚባለው ድጎማ የሚከፈለው ዘንድሮ በተዘራው ላይ ሳይሆን «ቤዝ ኤከር» ላይ ነው፤ ማለትም በድሮ የዘር ታሪኩ ተመዝግቦ በቀረው መሬት ላይ። ባለቤቱ አረሙን ይቆጣጠር እንጂ ማሳው ጦሙን ቢያድርም ስንዴው በወረቀት ላይ ያፈራል። የ2019ኙን አዝመራ እንይ። ሕጉ ለስንዴ የቆረጠው ዋጋ በቡሼል (የእህል መስፈሪያቸው ነው) 5.50 ዶላር፣ የገበያው አማካይ 4.58፣ ልዩነቱ 92 ሳንቲም። 1,000 ኤከር ቤዝ ኖሮት በኤከር 40 ቡሼል የተመዘገበለት ሰው ከመሬቱ 85 በመቶው ይታሰብለትና፣ ከቅነሳ በፊት 31,280 ዶላር ያፍሳል። አንዲት ዘለላ ሳይወቃ! ብሩ የሚመጣው ግን በኦክቶበር 2020 ነው፤ ታዲያ ግብርና ትዕግሥት አይጠይቅም ያለው ማነው?

ሰፊ መሬት ያለው ሰው ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። በ2018ቱ የእርሻ ሕግ አንድ ሰው በዓመት ከ125,000 ዶላር በላይ አይወስድም ነበር (ኦቾሎኒ ለብቻዋ ሌላ ጣሪያ አላት፤ ክብር ለኦቾሎኒ)። ሰነፍ ገበሬ እዚህ ጋ ሲደርስ ያለቅሳል። ጎበዙ ዘመድ ይዘራል። ሕጉም አይጨክንም፤ «ቤተሰብ» የሚለውን አስፍቶ የወንድምና የእህት ልጆችን፣ የአጎትና የአክስት ልጆችን ጨምሮለታል። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነበር። ለቼክም እንደሚቆጠር ማን ነገረን?

አዘራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮርፖሬሽን ያቋቋመ ሞኝ፣ ዘመዱን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አጉሮ ቀረ። ተራ ሽርክና ያቋቋመ ግን በየሸሪኩ አንድ ጣሪያ ያገኛል፤ አምስት ሸሪክ፣ በ125,000ው ጣሪያ 625,000 ዶላር። የአንዱ ተሳትፎ ከጸደቀ የትዳር ጓደኛውም እንደተሳተፈ ይቆጠራል፤ ሠርግ መደገስም እንግዲህ እርሻ ነው። የ2025ቱ ሕግ ደግሞ ጣሪያውን ወደ 155,000 ከፍ አድርጎታል፤ ምን ይሳነዋል።

ቀጥሎ ሲሲሲ-902 የሚባለው፣ ማን ለእርሻው ምን እንደሚያዋጣ የሚገለጽበት ቅጽ ይሞላል። ቺካጎ ያለው የወንድም ልጅ መሬት፣ መሣሪያ ወይም ካፒታል ማዋጣት አለበት፤ ጉልበት ወይም «አስተዳደር»ም ይጨመርበታል። ጉልበት ያልባል። አስተዳደር ግን በስልክ ይሆናል፦ «አጎቴ፣ ስንዴውን አሁን እንሽጠው ወይስ እንጠብቅ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አስተዳድሯል። ቡናው እንኳ አልቀዘቀዘም።

ብቻ ልጁ ከመጠን በላይ እንዳይሳካለት መጸለይ ነው። የሦስት ዓመት አማካይ ገቢው ከ900,000 ዶላር ካለፈ ድርሻው ይቀራል። ለዚህ ማሳ ከበረዶም ከአንበጣም ይልቅ የሚያሰጋው የልጁ የሹመት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ገና ተማሪ የሆነ ዘመድ በመጠባበቂያ ይያዝ፤ ግን እንቦቀቅላ አይሁን። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ክፍያ በአብዛኛው የሚቆጠረው በወላጁ ጣሪያ ላይ ነው። የልደት ሻማውን እፍ እስኪል ጠብቁና እስክሪብቶውን አቀብሉት።