ቸርኬ ስትገዙ ከግራሙ በፊት ሽቦውን ቁጠሩ

የእሽቅድምድም ብስክሌት የኋላ ቸርኬ ሲሰነጠቅ ወይም ሲወላገድ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካርቦን ስንት ነው?» የሚል ሆኗል፤ ከካርቦን ክርና ሙጫ የተሠራውን ቀላል ቸርኬ ማለቱ ነው። ሊገዛ ያሰበውን ቸርኬ ክብደት በግራም የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም፤ ስንት ሽቦ እንዳለው ስጠይቀው ግን መልስ የለውም። እኔ ደግሞ የሽቦው ቁጥር ከክብደቱ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ክብደቱን በሒሳብ እንየው። ሰውየውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑና አዲሱ ጥንድ ቸርኬ ከአሮጌው በ400 ግራም ቢቀል፣ የተቀነሰው ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት ግማሽ ሰዓት ለሚፈጅበት ሰው ትርፉ 9 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። «የሚሽከረከር ነገር ክብደቱ እጥፍ ይቆጠራል» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ፍጥነት ሲጨመር ብቻ ነው። በአንድ ፍጥነት ዳገት ለሚወጣ ሰው 400 ግራሙ ቸርኬው ላይ ቢሆን ኪሱ ውስጥ ቢሆን ልዩነት የለውም። ለ9 ሰከንድ የብዙ ወር ደመወዝ ማፍሰስ የባለገንዘቡ መብት ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ራሱን የሚነክስ ከሆነ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሙቀቱ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ያሰራጫል። በርካሽ የተሠራ ካርቦን ግን ክሮቹን ያያያዘው ሙጫ ይለሰልስና ጠርዙ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን በራሱ ላይ ለመሞከር አይመኝም። የዲስክ ፍሬን ያላቸው፣ ፍሬናቸው የሚነክሰው ቸርኬውን ሳይሆን መሐሉ ላይ የታሰረውን ሳህን በመሆኑ፣ ከዚህ ስጋት ነጻ ናቸው።

ወደ ሽቦው ልመለስ። 20 ሽቦ ባለው የኋላ ቸርኬ አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ወዲያው ይጣመምና ፍሬኑን ወይም ቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ተሸክሞ መሄድ ነው። 32 ሽቦ ካለው ግን የተበጠሰውን በጎረቤቱ ላይ ጠምዝዞ፣ አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ዳዶ (ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚወጥረውን ትንሽ ብሎን) ግማሽ ዙር አላልቶ፣ ቀስ እያሉ ቤት መግባት ይቻላል። መተካቱም ቀላል አይደለም፤ የብዙዎቹ ውድ ቸርኬዎች ሽቦ ጠፍጣፋና ለዚያው ሞዴል ብቻ የተሠራ በመሆኑ አንዲት ሽቦ ከውጭ አገር እስክትመጣ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። ጫፉ የታጠፈው ተራ ክብ ሽቦ ርዝመቱ ከገጠመ ማንም ይሥራው ማን ያገለግላል።

«ታዲያ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ለምን ካርቦን ይነዳሉ?» የሚለኝ አለ። እነሱም ቢሆኑ በፈረንሳዩ የፓሪስ–ሩቤ ውድድር የድንጋይ ንጣፍ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ባለ ብዙ ሽቦ አሉሚኒየም አልጣሉም ነበር፤ ስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቼላራ እዚያ በካርቦን ቸርኬ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሳተፍ መለዋወጫ ጎማ የጫነ የቡድን መኪና ከኋላው ነበር። እኛን የሚከተለን ሚኒባስ ነው፤ የያዘልንም ጥሩምባ ብቻ ነው።

ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ልክ መወሰድ አለበት። የላስቲክ ፍሬን ያለው ዘመናዊ የመንገድ ብስክሌት የኋላ ቸርኬው የሚገባበት የቴላዮው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊሜትር፣ የዲስክ ፍሬን ያለው ደግሞ 142 ሚሊሜትር ነው። «በጉልበት አስገባዋለሁ» የሚል መካኒክ ከገጠማችሁ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ። በጃፓኑ ሺማኖ የመንገድ ብስክሌት ዕቃዎች ባለ 10 ካሴት (ኋላ ላይ የሚገቡት የ10 ጥርሳም ክቦች ስብስብ) በባለ 11 ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ላይ 1.85 ሚሊሜትር ቀለበት ተጨምሮለት ይገጥማል፤ ባለ 11ዱ ካሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 10 ሞዞ አይበቃውም።

እንግዲህ የምመክረው ባለ 32 ሽቦ የአሉሚኒየም ቸርኬ (ባዶውን ክብ)፣ ሞዞና ሽቦ ለየብቻ ገዝቶ ማሠራትን ነው። ቸርኬው በፍሬን ሲያልቅ ሞዞው ይቀራል። የሠሪው እጅ ግን ከዕቃው ሁሉ ይበልጣል። የሚያውቅ ሠሪ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በመዳፉ ይጨምቃል፣ ከዚያም ክራር እንደሚቃኝ ሰው በጣቱ እየመታ ያዳምጣል። በአንድ ወገን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ካልሰጡ ውጥረታቸው አልተስተካከለም ማለት ነው። ሽቦ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በመላላቱ ነው፤ የላላ ሽቦ በየዙሩ ሲወጠርና ሲረግብ የታጠፈው ጫፉ ይደክማል።

ስትረከቡ የፊቱን፣ የኋላውን ቀኝና የኋላውን ግራ ሽቦ ርዝመት በሚሊሜትር አስጽፉ፤ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ ይለያያሉ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ትርፍ ሽቦ ከነዳዶው ተቀበሉና በፕላስተር ቴላዮው ላይ ለጥፏቸው።