የዶት ኮም ስም ከተለቀቀ በኋላ መሻማት አያዋጣም

የባሕር ዳር ሆቴል ወይም የጣና አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ ሲያሠራ፣ የዶሜይን ስሙን፣ ማለትም በዶት ኮም የሚያልቀውን የድረ ገጹን አድራሻ፣ የሚያስመዘግብለት ብዙውን ጊዜ ሠሪው ባለሙያ ነው፤ ክፍያው በዶላር፣ ካርዱም የባለሙያው ስለሆነ። የእድሳት ማሳሰቢያም ወደ እሱ ኢሜይል ይሄዳል። ባለሙያው ሥራ ከቀየረ፣ ወይም እንደ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ከተቋረጠ፣ ማሳሰቢያው ሳይነበብ ቀኑ ያልፋል።

ያኔ ባለቤቱ «ሲለቀቅ መልሼ እገዛዋለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ይህ ስሌት መሠረቱ የተሳሳተ ነው።

ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም መዝጋቢው (ስሙን ለደንበኛ የሚሸጠውና የሚያድሰው ድርጅት) ዘንድ እስከ 45 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ክፍያው ግን ከእድሳቱ ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ 5 ቀን ማንም አይነካውም፤ ከዚያ ይለቀቃል፣ ማለትም ለማንም ክፍት ይሆናል። ተፈላጊ ስም ግን እዚያ ድረስ ላይደርስ ይችላል፤ ብዙ መዝጋቢዎች አስቀድመው በጨረታ ይሸጡታል።

እዚያ የደረሰውንም በእጅ ጽፎ ቀድሞ ማስመዝገብ ዘበት ነው። የዶት ኮም ስሞችን ሁሉ ዋና መዝገብ የሚይዘው ድርጅት ቬሪሳይን ስሙ ምንም ያህል ቢፈለግ ከመዝጋቢው የሚቀበለው አንድ ዓይነት ዋጋ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 10.26 ዶላር ነበር። ስሙን የሚወስደው ጥያቄው ቀድሞ የደረሰ ነው። ዋጋው ከፍ ስለማይል ፉክክሩ ወደ ፍጥነት ዞሯል። ለእያንዳንዱ መዝጋቢ ወደ ቬሪሳይን የሚፈቀደው የግንኙነት መስመር ውስን ስለሆነ፣ እንደ ድሮፕካች ያሉ የተለቀቀ ስም ለደንበኛ የሚሻሙ ድርጅቶች የመዝጋቢነት ፈቃድ በመቶዎች አከማችተዋል። የአንዱ ፈቃድ ቋሚ ዓመታዊ ክፍያ ፈቃዱን ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ አካል ለአይካን 4,000 ዶላር ነው፤ መቶ ፈቃድ ማለት ሰርቨርና ሠራተኛ ሳይቆጠር 400,000 ዶላር። ይህን ወጪ የሚመልሱት አንዱን ስም ከአንድ በላይ ደንበኛ ሲያዝዘው እርስ በርስ በማጫረት ነው።

ተጫራቹ የሚገዛው ፊደሉን ብቻ አይደለም። የጉዞ መመሪያዎች ለዓመታት ወደ ሆቴሉ ያደረጉት ሊንክ አብሮ ይሄዳል፤ የቁማር ማስታወቂያ ለሚለጥፍ ሰው በዚያ ሊንክ የሚመጣው ጎብኚ ገንዘብ ነው። ሆቴሉ በላቡ ያፈራውን ዋጋ ፈጣን ኮምፒውተር ያለው መውሰዱ ያሳዝነኛል፣ ትክክልም አይመስለኝም። ሕጉ እስኪለወጥ ግን ርካሹ ሰዓት ከማለቂያው ቀን በፊት ያለው ነው።

ስለዚህ ስሙ በድርጅቱ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ እስከ 10 ዓመት በአንዴ መክፈል ይቻላል። ራስ ሰር እድሳት ካርዱ የውጭ ምንዛሬ ከሌለው አይሠራም፤ ስለዚህ እሱን ብቻ አትመኑ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ በዚያው ዕለት ለመዝጋቢው ጻፉ። የንግድ ምልክት ያለው ድርጅት ስሙ ከተወሰደበት በኋላ ለዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት (ዊፖ) ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ዳኛ ለሚያየው ጉዳይ 1,500 ዶላር ያስከፍላል፣ ስሙ በክፉ ልቦና መያዙንና ጥቅም ላይ መዋሉንም አመልካቹ ራሱ ማስረዳት አለበት።