ፊልሙን ወይ አትጀምሩት፣ ወይ አስጨርሱን!

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ፊልም የምትከፍቱ ረዳቶች ሆይ፣ ፊልም መጨረሻ እንዳለው የነገራችሁ ሰው የለም?

ጃኪ ቻንና ጄት ሊ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የተወኑበትን «ዘ ፎርቢደን ኪንግደም» የተባለውን ፊልም ነው የምለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ጋር እኩያ መሆኑ ነው። ድልድዩን ስንት ጊዜ ተሻገርኩት፤ ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ መሻገር አልቻልኩም።

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከመናኸሪያው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ረዳቱ በፌስታል የተጠቀለለችውን ሪሞት ያነሳል። በኩንግ ፉ ፊልም ፍቅር ያበደ የቦስተን ጎረምሳ አለ። ከአንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሱቅ ፊልም ሲገዛ ጥንታዊ ዘንግ ያያል። የሰፈር ጉልበተኞች አስገድደው ሱቁን ሊዘርፉበት ይወስዱታል፣ ሽማግሌው በጥይት ይመታል፣ ልጁ ዘንጉን እንደያዘ ከጣሪያ ይወድቅና ጥንታዊት ቻይና ውስጥ ይነቃል። ዘንጉን ድንጋይ ሆኖ 500 ዓመት ለቆመው ለዝንጀሮው ንጉሥ መመለስ አለበት። እስከዚህ ድረስ በዚህ መስመር የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል።

ሉማሜን ስናልፍ ሰካራሙ ጃኪ ቻን ይመጣል። የትኖራ አካባቢ መነኩሴው ጄት ሊ ብቅ ብሎ ዘንጉን ነጥቆ ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱ አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይገጥማሉ። ግጥሚያውን ያቀናበረው ዩዌን ዉ ፒንግ ነው፤ የዚህን ሰው ሥራ የሚያውቅ አይተኛም። ስክሪኑ ላይ መጋረጃው እየተወዛወዘ እንኳ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ ከፊቴ ቆሎ የሚቆረጥመው ሰውዬ መንጋጋው ቀጥ ይላል። በዚህ መሐል ጥርቅም! ደጀን። ምሳ።

ደጀን ላይ መጥፋቱን አልቃወምም። ሰው መብላት አለበት። ቀጥሎ ያለው ቁልቁለትም ቀልድ አይደለም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው፣ ሹፌሩ ጸጥታ ቢፈልግ ጸጥታውን እኔው አስከብርለታለሁ። ብሶቴ ከዚያ በኋላ ነው። ወርደን፣ ተሻግረን፣ ዳገቱን ጨርሰን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሪሞቷ እንደገና ትነሳለች፤ ፊልሙም እንደገና ከቦስተን ይነሳል! ማጫወቻው ያቆመበትን አያስታውስም አሉ። ማሳለፊያ ቁልፍ የለውም ወይ? "አለው፣ ግን አይሠራም።" ያው ሱቅ፣ ያው ሽማግሌ፣ ያው ጉልበተኛ። በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ የሚጓዘው ልጁ ሳይሆን እኛ ነን፤ ያውም ከፍለን።

እሺ፣ እንደገናም ቢሆን እንየው ብለን ስንመቻች ደግሞ ከኋላ አንዱ "ይህንን አይተነዋል፣ ዘፈን አድርግልን" ብሎ ይጮኻል። ምኑን ነው ያየኸው ወንድሜ? አንተም እንደኛ ግማሹን ነው ያየኸው!

ባለፈው ከጎኔ አንዲት የቢቸና እናት ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

"ልጄ፣ ይህ ልጅ እናት የለውም? አትፈልገውም?"

"ትኖረዋለች እማማ።"

"ታዲያ ተመለሰላት?"

ምን ልበላቸው? ይህኔ ዘፈኑ ተለቀቀ። እርሳቸው ግን ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ረዳቱን በጣታቸው ጠሩት። "አንተ፣ የሰውን ልጅ አገሩ ሳታስገባው ነው የምታጠፋው?" አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ረዳቱም "ሲመለሱ ያዩታል እማማ" ብሎ አለፈ። ሲመለሱ! ሲመለሱ ደግሞ ዓባይ በረሃ ጋ ሊጠፋባቸው።

"ስልክህ ላይ ጭነህ ለምን አታየውም?" የሚለኝ አይጠፋም። እችላለሁ። ግን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። ድምፁን እስከ ጥጉ ለቃችሁ ከእንቅልፌ የቀሰቀሳችሁኝም እናንተ ናችሁ።

ፊልሙ 104 ደቂቃ ነው። ከጎሐ ጽዮን አዲስ አበባ ለመግባት ከዚያ የበለጠ ጊዜ አለ። ስለዚህ ከማርቆስ እስከ ደጀን ዘፈኑን እንደልባችሁ አጫውቱ። ፊልሙን ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ጎሐ ጽዮን ላይ ጀምሩት፤ ማንም ቢጮኽ አትንኩት። ጫንቾ ሳንደርስ ያልቃል። ዘፈን ያማረውም ከጫንቾ እስከ አዲሱ ገበያ ይዝፈንለት።