10,000 እርምጃ ካልሞላ አይበቃም?

«በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም፤ ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ቁጥሩ ከላቦራቶሪ አልወጣም፤ ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማግስት፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ። 10,000ን የዕቃው ስም ውስጥ ከተተው። ክብ ቁጥር አይረሳም፤ ይኸው ዛሬም ስልካችን ላይ አለ።

ጥናቱ የመጣው ኋላ ነው። በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ሴቶችን ተከታትሏል። በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት፣ 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው በጣም ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ቆመ። እርግጥ ጤነኛ ሰው ድሮም ብዙ ይራመዳል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለእርምጃው መስጠት አይቻልም። ለወጣቶችም ልኩ ከፍ ይላል።

ማታ 9,600 ላይ ደርሶ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ይራመድ፣ አይጎዳውም። ግን 400ዋ ስለጎደለች ቀኑን ሙሉ የሄደው ዜሮ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ 3,000 የሚራመደው ነው። 10,000 ሲባል ይሰማና «በቃ፣ የኔ ነገር አይሆንም» ብሎ ሶፋው ላይ ይቀራል። ትንሽ ጨምሮ ብዙ የሚያተርፈው ግን እሱ ነበር።