ሰላምታ የማይወድ ተርብ

ጎጃም ውስጥ የውኃ ተርብ (ድራጎንፍላይ) ፎቶ ማንሳትን ያከበደው ተርቡ አይደለም። ተርቡማ እንደ ሰብሳቢ ነው፤ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ አንዴ ዞር ዞር ብሎ ትንኟን ይቀልብና ተመልሶ እዚያችው ደንገል ጫፍ ላይ ጉብ። ሌላ ወንድ ወንበሯን ከተጠጋማ የድንበር ጠብ ነው፤ አሳዶ ሳያባርር አይመለስም። ስለዚህ እግር በእግር መከተል ከንቱ ድካም ነው። ሲነሳ ካሜራውን ሳያነቃንቁ ፎከሱን ደንገሏ ጫፍ ላይ አስሮ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ ይመጣል።

ካልመጣ ጥፋቱ የሰላምታ ነው።

ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሰው በክርኑ ተደግፎ ሣር ላይ ተጋድሞ ከታየ ጠያቂ አያጣም። «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ?» ከብቱ ሳይደርስ የጠያቂው ጥላ ደንገሉ ላይ አርፏል፤ ተርቡ የለም። «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» ይቀጥላል። «ተርብ እያነሳሁ ነው» ቢሉት «ወድቆ ነው?» ይላል። ሦስተኛው መንገደኛ ሲደርስ ወሬው ተለውጧል፤ የተጋደመው ሰው መሬት ለካኝ ሆኗል። አራተኛው ካሳው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።

ጥላ እንዲህ የሚያስበረግገው ያለ ነገር አይደለም። ጭንቅላቱን ከሞላ ጎደል የሸፈኑት ሁለት ዓይኖች እያንዳንዳቸው እስከ 30,000 ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሦስት ትናንሽ ዓይኖች አሉት። ከኋላ የሚመጣውን እንኳ ያያል። ስለዚህ ካሜራውን አስቀድሞ ፊት ላይ ደቅኖ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጥላ ወደማይወድቅበት ጎን ዞሮ፣ ስንዝር በስንዝር መንፏቀቅ ነው። ነጭ ነጠላ እቤት ይቅር፤ ነፋስ ሲያነሳው ከሰላምታም ይብሳል።

ከሰላምታ ማምለጫው ማለዳ ነው። በመስከረምና በጥቅምት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ግድም፣ ተርቡ ጤዛ እንደለበሰ ደንገሉን አቅፎ ይገኛል፤ ደረቱ ካልሞቀ ክንፉ አይታዘዝለትም። ጤዛው ክንፉ ላይ በየመረቡ ዓይን ቁጥር ጠብ ጠብ ብሎ የተለጠፈ ዶቃ ይመስላል። ሌንሱን ከጎኑ ትይዩ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ካጋደሉት ዓይኑ ሲጠራ ጭራው ይደበዝዛል። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 8 ይበቃል። የመዝጊያው (ሻተር) ፍጥነት ለተቀመጠው 1/250 ሰከንድ፣ ለበረረው ቢያንስ 1/1000። በስልክ የሚያነሳ ሰው ዙሙን እስከ ጥግ ባይጎትት ይሻላል፤ ምስሉ ሽሮ ይሆናል። ክንፉ መስታወት ስለሆነ ስልኩ እየሳተ ከኋላ ያለውን ሣር ያጠራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ተርብ በጣት ተጭኖ ፎከሱን ማሰር ነው።

ቀትር ላይ ሌላ ትርኢት አለ፤ ሙቀት ሲበዛበት ጭራውን ወደ ፀሐይ ቀስሮ ይቆማል። ትዕቢት የሚመስለው ይህ አቋም ፀሐይ የሚያርፍበትን ገላ ማሳነሻ ነው። ሰው ግን ስሙ ተርብ ነው ብሎ ይሸሸዋል። መንደፊያ የለውም! ወባ ትንኝ ስትነክሰው «ኧረ ተያት» የሚል ጎበዝ፣ ትንኝ በላውን ሲያይ ኮፍያውን ጥሎ ይሮጣል።

ደንገሉ ግንድ ላይ፣ ከውኃው በላይ፣ ጀርባው የተቀደደ ቡናማ ቅርፊት ከተገኘ እሱንም ፎቶ ማንሳት ነው። ተርቡ በልጅነቱ ውኃ ውስጥ ነው የኖረው፤ አገጩ ሥር እንደ ክንድ የታጠፈች መንጋጋውን ወርውሮ የትንኝ ትልና እንቁራሪት ግልገል እየለቀመ። ከዚያ አንድ ሌሊት ወጥቶ ካባውን ጣለ። በተቀደደው ጀርባ ውስጥ የተንጠለጠሉት ነጫጭ ክሮች የመተንፈሻ ቧንቧዎቹ ገለፈት ናቸው። ገና የወጣ፣ ክንፉ የሚያብረቀርቅ ከተገኘ አይነካም፤ ክንፉ ሳይጠነክር ከተጣመመ ተጣሞ ይቀራል።

ለዚያ «ከብቱስ?» ላለው ሰው ይህን በስልክ ማሳየት ነው። ዓይኑን አስፍቶ ያያል፣ «ይሄ እዚሁ ነበር?» ይላል፣ ጋቢውን አጣጥፎ አጠገብ ይጋደማል። ተርቡም ይመለሳል። ይኼኔ ያጎቱ ልጅ ከሩቅ «እንዴት አደርክ!» እያለ ሲመጣ፣ ሰውዬው ዝም በል ለማለት እጁን ያወናጭፋል፤ ደንገሏም ባዶዋን ትወዛወዛለች።